የወረደው ምንድን ነው?

አንድ የዘፈን ቡድን «ወረደ» ሲባል የወረደው ምንድን ነው? ጥያቄው ሲታይ ቀላል ነው፤ መልሱ በቁጥር ተጽፎ የተቀመጠ ይመስላል። ባክስትሪት ቦይስ የተባለው የአሜሪካ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1999 «ሚሌኒየም» የተሰኘውን አልበሙን ሲያወጣ በአገሩ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ሸጠ። በ2000 መጨረሻ ላይ «ብላክ ኤንድ ብሉ» ሲወጣ የመጀመሪያው ሳምንት ሽያጭ 1.6 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። ከዚያ ለዓመታት አዲስ አልበም ጠፋ። በ2005 «ኔቨር ጎን» 291,000፣ በ2007 «አንብሬከብል» 81,000፣ በ2009 «ዲስ ኢዝ አስ» 42,000። በእነዚያ ዓመታት አድናቂዎቹ ስለ ቡድኑ ሲያወሩ ወሬያቸው ከዚህ ቁጥር ተነስቶ እዚሁ ቁጥር ላይ ያርፍ ነበር። ከፊሉ «አበቃላቸው» ይላል፤ ከፊሉ «ያበቃለትስ ገበያው ነው» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ የጦፈ ነው፤ ግን ሁለቱም ወገኖች በአንድ ነገር ሳይነጋገሩ ተስማምተዋል፤ ምን እንደወረደ እንደሚያውቁ እርግጠኞች ናቸው። ከጠባቸው ይልቅ ይህ ስምምነታቸው ነው የሚያጠራጥረኝ።

«ገበያው ነው» የሚሉት ማስረጃ አያጡም። በ1999 የአሜሪካ የሙዚቃ ኢንዱስትሪ ከቅጂ የሚያገኘው ገቢ ከ14 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በዚያው ዓመት ሰዎች ዘፈን በነጻ የሚለዋወጡበት ናፕስተር ተከፈተ፤ አሥራ አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ ገቢው ከግማሽ በታች ሆኖ ተገኘ። ሁሉም አብሮ ሲወርድ አንዱን ለይቶ «ወረደ» ማለት ምን ትርጉም አለው? ከዚህ የባሰ ግራ የሚያጋባም ነገር አለ። «አንብሬከብል» 81,000 ቅጂ ሸጦ በአሜሪካ የአልበም ሰንጠረዥ ላይ ሰባተኛ ነበር፤ በ2013 የወጣው «ኢን ኤ ወርልድ ላይክ ዲስ» 48,000 ብቻ ሸጦ አምስተኛ ሆነ። ገዢው ቀነሰ፣ ደረጃው ከፍ አለ። ያው ቡድን ከራሱ ትናንት ጋር ሲተያይ ወርዷል፤ አብረውት በዚያ ሳምንት ገበያ ከወጡት ጋር ሲተያይ ወጥቷል። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም። ስለዚህ መውረድ በቡድኑ ውስጥ ያለ ነገር አይደለም ማለት ነው፤ መለኪያውን የት እንደተከልን የሚናገር ነው። መለኪያውን የሚተክለው ደግሞ ተናጋሪው ነው፤ ማዘን የፈለገ 1999 ላይ ይተክለዋል፣ መጽናናት የፈለገ ጎረቤቱ ላይ።

ነገር ግን የመጽናኛው መንገድ ዋጋ ያስከፍላል፤ አድናቂው ይህን ዋጋ መክፈል እንደማይፈልግ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይታያል። ውድቀታቸው የዘመኑ ከሆነ ከፍታቸው የማን ሊሆን ነው? ያወረዳቸው ዘመን ነው ብሎ የተከራከረ ሰው፣ ያወጣቸውም ዘመን እንደነበር እንዲቀበል ይገደዳል። በ1999 ሲዲ በየቤቱ ገብቶ ነበር፤ ኤም ቲቪ የተባለው የሙዚቃ ቴሌቪዥን ከ1998 ጀምሮ ወጣቶች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የወደዱትን ክሊፕ የሚመርጡበት ዕለታዊ ፕሮግራም ነበረው፤ የአሜሪካ ኢኮኖሚ ሞልቶ ፈስሶ ነበር። ይህ ሁሉ አብሮ ሳይገጥም 1.1 ሚሊዮን ሰው በአንድ ሳምንት ሱቅ ድረስ አይሄድም። ታዲያ ለውድቀቱ «ጊዜ» ብለን ለከፍታው «ችሎታ» ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ወዳጅ ለወዳጁ የሚፈርደው ፍርድ ነው፤ ፍቅር እንዲህ መፍረዱ አይገርምም፤ እንደ ሙግት ግን አይቆምም። በሌላ በኩል ደግሞ ሁሉን ለዘመን መስጠትም አያዋጣም። በዚያው በደከመው ገበያ፣ በ2015፣ ዘፋኟ አዴል «25» የተባለውን አልበሟን አውጥታ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ 3.4 ሚሊዮን ቅጂ ሸጣለች፤ በከፍታው ዘመን ማንም ያልደረሰበት ቁጥር ነው። ዘመን ዘጋው ያልነው በር፣ ለአንዷ ወለል ብሎ ተከፈተ። እንግዲህ ዘመንም ችሎታም ብቻቸውን አይበቁም፤ በሁለቱ መካከል ስም ያላወጣንለት አንድ ነገር አለ።

ያን ነገር ለማግኘት ከቁጥሩ ስር መግባት ያስፈልጋል። አንድ ሽያጭ ምንድን ነው? አንድ ሰው አንድ አልበም ገዛ፤ ምን ፈልጎ? «አይ ዎንት ኢት ዛት ዌይ» የተባለው የቡድኑ ታላቅ ዘፈን በ1999 አሜሪካ ውስጥ ለብቻው በዲስክ አልተሸጠም። በሬዲዮ ቀኑን ሙሉ ይሰማል፤ የራሴ ይሁን ያለ ግን አልበሙን ከነሙሉ ዘፈኖቹ መግዛት ነበረበት። ኩባንያዎቹ ይህን ያደርጉ የነበረው አስበውበት ነው። እንግዲህ ከዚያ 1.1 ሚሊዮን ውስጥ ስንቱ አልበም ፈልጎ፣ ስንቱ አንዲት ዘፈን ፈልጎ ሌላውን እንደ ምርቃት ተቀብሎ እንደሄደ ማን ይለያል? ቁጥሩ አይለይም። ለልጁ የልደት ስጦታ የገዛ አባት፣ ፖስተሩን ፈልጋ የገዛች ተማሪ፣ ሌሎች ስለገዙ የገዛ ጎረምሳ፣ ሌሊቱን ከሱቅ በር ላይ ያደረች አፍቃሪ፣ ሁሉም «አንድ» ናቸው። ተገዝቶ ማሸጊያው ያልተቀደደውም፣ እስኪፋቅ የተደመጠውም አንድ ነው።

የማይቆጠረውን ደግሞ አስቡት። በአንድ ሲዲ ዙሪያ ሦስት እህትማማቾች ያደምጣሉ፤ የተመዘገበው አንድ ነው። በዚያ ዘመን እዚህ አዲስ አበባ የውጭ ዘፈን የሚደርሰን በአብዛኛው ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጠ ነበር፤ የግጥሙ ግማሽ ሳይገባው በቃሉ የያዘ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በየትኛውም የሽያጭ መዝገብ ላይ የለም። የለም ማለት ግን አልወደደም ማለት አይደለም። በ2014 መጨረሻ ላይ የአሜሪካ የአልበም ሰንጠረዥ አዘጋጅ የሆነው ቢልቦርድ ይህን ጉድለት በመጠኑ ለመሙላት ሲል በኢንተርኔት የሚደረግን መስማት መቁጠር ጀመረ፤ ከአንድ አልበም የተሰሙ 1,500 ዘፈኖች እንደ አንድ የተሸጠ አልበም ይያዙ ተባለ። ውሳኔው አስተዋይ ይመስላል፤ ግን ምን ከምን ጋር እንደተደመረ ልብ ይሏል። መግዛት አንድ ጊዜ ተፈጽሞ የሚያበቃ ድርጊት ነው፤ መስማት የሚደጋገም ኑሮ ነው። ሁለቱን በአንድ ዓምድ ሥር ደምሮ «ዘንድሮ ከአምና ቀነሰ» ማለት ይቻላል፣ ሒሳቡም ትክክል ነው፤ ምን እንደቀነሰ ግን ሒሳቡ ራሱ አይነግረንም።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁሉ አድናቂዎቹ አብልጠው የሚያነሡት የመጀመሪያውን ሳምንት ነው። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰንጠረዡም ጋዜጣውም ኩባንያውም የሚያዩት ያንን ነው። ቢሆንም የመጀመሪያው ሳምንት እጅግ እንግዳ የሆነ መለኪያ ነው። በ1999 ወይም በ2000 አልበሙ በወጣ ቀን ሱቅ የሄደ ሰው አልበሙን አልሰማውም። ምናልባት አንድ ዘፈን በሬዲዮ ሰምቷል፤ የቀረውን አያውቀውም። ስለዚህ የከፈለው ለሰማው ሳይሆን ላልሰማው ነው። ስለት የሚሳል ሰው የለመነው ሲደርስለት ነው የሚያገባው፤ አድናቂ ግን ሳይደርስለት፣ ይድረስለት አይድረስለት ሳያውቅ፣ አስቀድሞ ያገባል። እንግዲህ የመጀመሪያው ሳምንት ሽያጭ ዘፈኑ ምን ያህል እንደተወደደ አይነግረንም፤ ስንት ሰው ሳይሰማ ለማመን ዝግጁ እንደነበር ግን ይነግረናል። ያ እምነት ከየት መጣ ቢባል ካለፈው አልበም ነው። የ«ብላክ ኤንድ ብሉ» 1.6 ሚሊዮን የ«ሚሌኒየም» አዝመራ ነው፤ የ«ኔቨር ጎን» 291,000 ደግሞ ቢያንስ በከፊል በ«ብላክ ኤንድ ብሉ» እና ከዚያ በኋላ በመጣው ረጅም ዝምታ ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው። ቁጥሩ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል፤ አጠገቡ የቆመውንም ይከስሳል። በ2005 «ቁጥሩ ስለወደቀ አልበሙ ደካማ ነው» ያለ ሁሉ ገና ያልተደመጠን ነገር ባልሠራው ሥራ ፈርዶበታል። (ያን አልበም ደካማ ነው ብሎ ሰምቶ የፈረደ አለ፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። ዜማውን ከዳንስ ወደ ጊታር ማዞራቸውን ያልወደዱ ብዙዎች ነበሩ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የሚለው ተረት የተተረተባቸውም በከንቱ አይደለም።)

ታዲያ የወረደው እምነት ነው ማለት ነው? ወደዚህ መልስ መቸኮል ቢያምርም አንድ ነገር ይዞኛል። እምነት ወረደ ለማለት ያመነ ሰው መኖር አለበት፤ ያ ሰው አምኖ ኋላ እምነቱን ማንሣት አለበት። በ1999 አሥራ ሦስት ዓመቷ የነበረ ልጅ በ2005 አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ክፍሏን ቀይራለች፣ ምናልባት ከተማ ቀይራለች፣ ከግድግዳዋ ላይ ፖስተሩን አንሥታለች። «ኔቨር ጎን» ሲወጣ ሱቅ ባትሄድ ከዳች ይባላል? የከዳ ሰው ቃሉን ያስታውሳል፤ የሚያስታውሰውን ቃል ነው የሚያፈርሰው። እሷ ግን ያንን ቃል የሰጠችውን ልጅ ራሷ ጥላት ያደገች ናት። ቡድኑ ሊያስቀይማት የሚችል ምንም ነገር ሳያደርግ፣ እሷም ምንም ሳትቀየም፣ በመካከላቸው የነበረው ነገር ባለቤት አጥቶ ቀረ። በሁለት ሰዎች መካከል እንዲህ ያለ ነገር ሲያልቅ የምንጠራበት ስም የለንም፤ ጠብም፣ መለያየትም፣ ሞትም አይደለም። ስም ስለሌለው ይሆናል አድናቂው «ሽያጭ» የሚለውን ቃል የሚዋሰው።

ይህ ደግሞ ወደ ሌላ ጥያቄ ይመራል፤ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። አድናቂ ስለ ሽያጭ ምን አገባው? በኩባንያው ውስጥ ድርሻ የለውም፤ ከትርፉ ሳንቲም አይደርሰውም። ይሁንና ስለ ቅጂ ብዛትና ስለ ሰንጠረዥ እንደ ሒሳብ ሹም ሲናገር ይገኛል፤ ያውም «ሸጡ» ማለቱን ትቶ «ሸጥን» እስኪል ድረስ። አንደኛው መልስ ተግባራዊ ነው፤ ካልተሸጠ ኩባንያው ይተዋቸዋል፣ ከተዋቸው ሌላ አልበም አይኖርም። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም፤ ከ«ዲስ ኢዝ አስ» በኋላ ቡድኑና የቆየበት ኩባንያ ጃይቭ ሪከርድስ ተለያይተዋል። ግን መጨረሻው እንደተፈራው አልሆነም፤ ቀጣዩን አልበም በራሳቸው አሳታሚ ስም አወጡት። የተፈራው ነገር ደርሶ ቡድኑ ካልሞተ፣ የአድናቂው ጭንቀት ሊቀንስ ይገባው ነበር፤ አልቀነሰም። ስለዚህ ጭንቀቱ ስለ ቡድኑ መኖር ብቻ አልነበረም።

ሁለተኛው መልስ ምስክርነት ነው። የምወደውን ብቻዬን ስወድ የምወደው ነገር በእኔ ውስጥ ይሁን በእሱ ውስጥ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ሚሊዮን ሰው አብሮኝ ሲወድ ግን ውበቱ ከእኔ ውጭ ያለ ይመስለኛል። ቁጥር ይህን ጥርጣሬ ዝም ያሰኛል። ነገር ግን ምስክር የሚያስፈልገው ክስ ያለበት ነው፤ እነዚህ አድናቂዎች ደግሞ ክስ ነበረባቸው። ባክስትሪት ቦይስ በ1993 ኦርላንዶ ውስጥ በማስታወቂያና በፈተና የተሰባሰበ ቡድን ነው፤ አሰባሳቢው ሉ ፐርልማን ነጋዴ ነበር፣ በኋላም በትልቅ የገንዘብ ማጭበርበር 25 ዓመት ተፈርዶበታል። የሙዚቃ ተቺዎች ቡድኑን የፋብሪካ ዕቃ፣ አድማጮቹን የሚጮኹ ሕፃናት አድርገው ያዩዋቸው ነበር። በተለይ የሴት ልጆች ፍቅር መሆኑ ንቀቱን አባብሶታል፤ አንድ ጎረምሳ የጊታር ተጫዋች ቢያመልክ «የሙዚቃ ፍቅር» የተባለው ነገር፣ እህቱ አምስት ወጣቶች ብትወድ «የጉርምስና እብደት» ተብሎ ይጠራ ነበር። ልጅቷ በክርክር አትረታም፤ ዕድሜዋም፣ ቃላቷም፣ ሥልጣኑም የላትም። ያላት አንድ የማይስተባበል ነገር ነው፤ 1.1 ሚሊዮን። ተቺው ሊስቅ ይችላል፣ ሰንጠረዡን ግን ሊያስተባብል አይችልም። እንግዲህ ቁጥሩ ለእሷ ንግድ አልነበረም፤ ጋሻ ነበር። ሽያጩ ሲወርድ ጋሻው ከእጇ ወደቀ፣ ንቀቱ ግን ባለበት ቆሞ ይጠብቃታል። በ2007 ስለ 81,000 ቅጂ ስትጨነቅ የነበረች የሃያ አንድ ዓመት ወጣት የምትከላከለው የቡድኑን የባንክ ደብተር ነው ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆና የወደደችው መወደድ የሚገባው ነገር እንደነበር ነው የምትከላከለው።

በቁጥሩ ማነስ የተደሰቱ አድናቂዎችም እንደነበሩ መዘንጋት አይገባም። «አሁን የቀረነው እውነተኞቹ ነን» ይላሉ። አባባሉ ክብር ያለው ይመስላል፤ ብዙኃኑ ፋሽን ተከትሎ መጥቶ ፋሽን ተከትሎ ሄደ፣ ፍሬው ከገለባው ተለየ። ግን ይህም ያው ቁጥር ነው፤ ከላይ ሲታይ የነበረው ከታች ታየ እንጂ። በትንሽነቱ የሚኮራ ሰው መቁጠሩን አልተወም፤ የሚወዳቸውን ሰዎች ክብር አሁንም የሚለካው በሌሎች ሰዎች ብዛት ነው፣ ሚዛኑን ገለበጠው እንጂ አልጣለውም። ደግሞስ የሄዱት ገለባ መሆናቸውን ማን ነገረው? ያቺ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ በሄደችበት ዓመት ሁሉ ያንን ዘፈን ድንገት በታክሲ ሬዲዮ ሰምታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሏ ብትወጣው፣ ሄደች ይባላል ወይስ አልሄደችም?

«ቡድኑ ወደፊት ምን ይሆናል?» የሚለው ጥያቄም እንዲሁ ከውጭ እንደሚታየው አይደለም። ወደፊት እንዲኖር የሚፈለገው ምንድን ነው? ስሙ? ሰዎቹ? ድምፁ? በ2006 ከአምስቱ አንዱ የነበረው ኬቨን ሪቻርድሰን ቡድኑን ለቅቆ ሲወጣ አራቱ ሌላ ሰው በቦታው አልተኩም፤ በ2012 ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ቦታው ክፍት እንደቀረ ሁለት አልበም አወጡ። የእንግሊዙ ሹገቤብስ ታሪክ ከዚህ ተቃራኒ ነው። በ1998 ሦስት ልጃገረዶች ሆነው ጀመሩ፤ አንዷ ስትወጣ ሌላ ተተካች፣ ሁለተኛዋ ስትወጣም እንዲሁ፣ በ2009 ከመጀመሪያዎቹ ሦስት የቀረችው የመጨረሻዋ ስትወጣ ሦስተኛ ተተኪ መጥታ ስሙ ቀጠለ። በ2010 የወጣው አልበማቸው ከአሥሩ ውስጥ አልገባም። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ደግሞ ተመልሰው ተገናኙ፤ ግን ስማቸው በእጃቸው አልነበረምና ለጊዜው በየራሳቸው ስም መጠራት ግድ ሆነባቸው፤ ስሙን ያገኙት ከዓመታት በኋላ ነው። ያ አልበም ሲወድቅ የወደቀው ማን ነበር? ስሙ ነው ከተባለ ስሙ በኋላ በመሥራቾቹ እጅ ተነሥቷል። ሰዎቹ ናቸው ከተባለ መሥራቾቹ በዚያ አልበም ላይ አልነበሩም። አድማጩ ግን ሳይማከር አንድ ነገር አውቋል፤ ስም ሊወረስ ይችላል፣ ያ ሳይሰሙ የማመን ዝግጁነት ግን ከስሙ ጋር አይወረስም። ውሉ የሚያስተላልፈው አንዱን ነው፣ ገበያው የሚፈልገው ሌላውን።

አሁን ወደ 2019 እንምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የሚቋጠርበት ቦታ ነው። በዚያ ዓመት ጥር ወር የወጣው «ዲኤንኤ» የተባለው አልበም 234,000 ተቆጥሮለት በቢልቦርድ አንደኛ ሆነ። ከ2000 ወዲህ አንደኛ ሲሆኑ የመጀመሪያቸው ነበር። አድናቂዎቹ እልል አሉ፤ አሥራ ስምንት ዓመት የጠበቁት መልስ መጣ። ግን ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ የሚያውቅ ሰው እልልታው መሐል ላይ ጉሮሮው ይያዛል። ለዓለም ጉዟቸው የኮንሰርት ቲኬት የገዛ ሰው አልበሙን አብሮ ያገኝ ነበር፤ ሲቀበለውም እንደ ሽያጭ ይቆጠራል። በሁለተኛው ሳምንት አልበሙ ከላይ እንደ ድንጋይ ተወረወረ። ቲኬቱን የገዛው ሰው ደግሞ የሚሄደው በዋነኛነት ምን ሊሰማ እንደሆነ ማንም አይጠራጠርም፤ የ1997ንና የ1999ን ዘፈኖች ነው። ስለዚህ የከፈለው ትዝታ ነው፤ የተመዘገበው ግን በአዲሱ ሥራ ስም ነው። ቢልቦርድ ራሱ ይህ ዓይነቱ አቆጣጠር አላምር ብሎት በ2020 ደንቡን ለውጦታል። ታዲያ ያ አንደኛነት ሐሰት ነበር?

ሐሰት ነው ማለት የሚቀልል ይመስላል፤ እኔ ግን አልደፍርም። ምክንያቱም የ1999ኙ ምን እንደነበር አይተናል። ያን ጊዜ ገዢው አንዲት ዘፈን ፈልጎ አልበም ተሰጠው፤ በ2019 አንዲት ምሽት ፈልጎ አልበም ተሰጠው። በሁለቱም ጊዜ አልበሙ ከሚፈለገው ነገር ጋር ታዝሎ የሚሄድ ነበር። የኋለኛውን ሐሰት ካልን የፊተኛውንም ከሐሰት ሙሉ በሙሉ ማጽዳት አንችልም፤ የፊተኛውን እውነት ካልን የኋለኛውን በምን እንኰንነዋለን? ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ግን ትንሽ አይደለም። በ1999 አልበሙን ያዘለችው ዘፈን ከራሱ ከአልበሙ የወጣች አዲስ ዘፈን ነበረች። በ2019 ያዘለው ምሽት የአሮጌ ዘፈኖች ምሽት ነው። ቁጥሩ በሁለቱም ጊዜ አንደኛ ይላል፤ አንዱ ግን የሚጠብቅ ሕዝብ ነው፣ ሌላው የሚያስታውስ ሕዝብ።

የሚያስታውስ ሕዝብ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ቡድኑ ከ2017 ጀምሮ ላስ ቬጋስ ላይ በአንድ መድረክ ተቀምጦ ለወራት ሲዘፍን አዳራሹ ይሞላ ነበር፤ በ2025 እዚያው ከተማ ስፊር በተባለው ግዙፍ ክብ አዳራሽ «ሚሌኒየም»ን ማዕከል ያደረገ ተከታታይ ኮንሰርት አቀረበ። «አይ ዎንት ኢት ዛት ዌይ» በዩቲዩብ ከአንድ ቢሊዮን ጊዜ በላይ ታይቷል። ይህ መውረድ ከሆነ ብዙ ዘፋኝ እንዲህ መውረድን ይመኛል። እዚህ ላይ የቀድሞው ጥያቄ ተገልብጦ ይመጣል፤ እንግዲያስ አድናቂው ስለ አዲሱ አልበም ሽያጭ ለምን ይጨነቃል? አዳራሹ ሞልቷል፣ ዘፈኑ ሕያው ነው፣ ሰዎቹ ጤነኞች ናቸው። «ወደፊት» ማለት «ቀጣዩ አልበም» ማለት እንዲሆን ያደረገው የኩባንያው የቀን መቁጠሪያ አይደለም ወይ? ይህን መከራከሪያ ለረጅም ጊዜ አምኜበት ነበር ማለት ይቻላል፤ አሁንም ግማሹን አምነዋለሁ።

ሌላው ግማሽ ግን አልዋጥ አለኝ። መድረክ ላይ የቆመ የአርባና የሃምሳ ዓመት ሰው አዲስ ዘፈን ሲጀምር ሕዝቡ የሚያደርገው ይታወቃል፤ ከፊሉ ይቀመጣል፣ ከፊሉ ውኃ ሊገዛ ይወጣል። ለዚያ ሕዝብ ዘፋኙ የሚያገለግለው እንደ ደጃፍ ነው፤ በእሱ በኩል ወደ ራሱ ወጣትነት ይገባል፣ ደጃፉ አዲስ ነገር እንዲናገር አይጠብቅም። ስለ አዲሱ አልበም ሽያጭ የምትጨነቀው አድናቂ ግን ከዚህ ሕዝብ ውስጥ የተለየች ናት። እሷ ሰዎቹ ገና የሚሉት አላቸው ብላ ታምናለች። ዛሬ የሚዘፍኑት እንደ ትናንቱ በሰው ጆሮ ሊገባ ይገባዋል ብላ ትሟገታለች። ስለዚህ ከውጭ ሲታይ ተራ የነበረው ያ የሽያጭ ጭንቀት፣ ያ የቅጂ ቆጠራ፣ ያ «ስንተኛ ገቡ» የሚል ጥያቄ፣ የምትወዳቸው ሰዎች ወደ ትዝታነት ብቻ እንዳይለወጡ የምታደርገው ትግል ሆኖ ይገኛል። በሕይወት ያለን ሰው በሕይወት አለ ብሎ መቁጠር ነው። ጭካኔም አለበት፤ የሃያ ዓመት ልጆች ሳሉ እንደተጠበቁት ሆነው እንዲጠበቁ ትሻለች፣ ማንም ሰው ግን ሁለት ጊዜ እንደዚያ አይጠበቅም። ከዚህም በላይ መጠበቅ በፈቃድ የሚመጣ ነገር አይደለም። አልበም በፈቃድ መግዛት ይቻላል፤ ልብ ተንጠልጥሎ መጠበቅን ግን ለራስም ለሌላም ማዘዝ አይቻልም።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ በ2013 «ኢን ኤ ወርልድ ላይክ ዲስ»ን በመጀመሪያው ሳምንት የገዙትን 48,000 ሰዎች እናስባቸው። ዘፈን ለብቻው ይሸጥ ነበርና ማንም አልበሙን እንዲገዙ አላስገደዳቸውም። በኢንተርኔት በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ መስማት ይችሉ ነበርና መግዛቱም የግድ አልነበረም። ዙሪያቸው የሚጮህ ጓደኛ የለም፤ አንደኛ እንደማይሆኑ ያውቁ ነበር፤ የሚያስተባብሉት ተቺም አልቀረም፤ ተቺው ረስቷቸዋል። የ1999ኙ ቁጥር ሊነግረን የሚገባው ነገር፣ ሳይሰሙ ማመን፣ ከሁሉም ይልቅ ተጣርቶ ሊገኝ የሚችለው በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ይመስለኛል። ይመስለኛል የምለው ቁጥሩ እዚህም እንደዚያው ዲዳ ስለሆነ ነው። ከመካከላቸው አንዷ በልማድ ብቻ ገዝታው፣ ሳትከፍተው መደርደሪያ ላይ ከሌሎቹ ቀጥላ አስቀምጣው ይሆናል፤ እሷም አንድ ተብላ ተቆጥራለች።